«አንዴ ይደገምልን!»

በጥር ወር፣ አለዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ወይም እሁድ ታክሲ የጠበቀ ሰው እኛን ሳያየን አይቀርም። ስማችንን አያውቅ ይሆናል እንጂ አይቶናል። ጡሩምባውን እያንባረቀ ከሚመጣው የሙሽሮች መኪና ፊት ፊት የምትሄድ አንዲት ሚኒባስ አለች። የኋላ በሯ ወደ ላይ ተከፍቷል። ከውስጧ ግማሽ አካላቸው ወደ ውጭ የተንጠለጠለ፣ አንዱ የሌላውን ቀበቶ ጨምድዶ የያዘ፣ ካሜራቸውን ወደ ኋላ የደገኑ ጎረምሶች ይታያሉ። እነሱ እኛ ነን። እናቶቻችን አንድ ቀን አይተውን ቢሆን ኖሮ ሥራ ያስቀይሩን ነበር።

እኛ ሦስት ነን። ሦስት ሰው፣ አንድ ካሜራ ተኩል። ተኩሉ አውቶፎከሱ ሲያሻው የሚሠራ፣ ሲያሻው ደግሞ ሙሽሪትን ትቶ ከኋላዋ ያለውን የፕላስቲክ አበባ አጥርቶ የሚያወጣ አሮጌ ካሜራ ነው። በአዘቦቱ ቀን ከመካከላችን አንዱ ያስተምራል፤ አንዱ ባንክ ቤት ይሠራል፤ አንዱ ደግሞ «በግል ሥራ ላይ ተሰማርቷል» (ሥራ ፈትነት በጨዋ ደንብ ሲነገር እንዲህ ነው)። ፎቶ የጀመርነው ለጥበብ ብለን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ብርሃንና ጥላ እየተከራከርን ማኪያቶ የጨረስንባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ የአንዳችን የአክስት ልጅ አገባች፤ «በነጻ አንሱኝ» አለች፤ አነሳናት። ሚዜዋ ደግሞ በተራዋ አገባች፤ «በግማሽ ዋጋ» አለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሠርገኛ ሆነን ቀረን።

የአዲስ አበባን ሠርግ አሁን በእንቅልፍ ልባችን እናነሳዋለን። ጠዋት ፀጉር ቤት። መስቀያ ላይ የተንጠለጠለው ቬሎ። ጫማው፣ ቀለበቱ፣ ሽቶው። ከዚያ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲመጣ የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች በሩን ይዘው ሲከለክሉት። ከዚያ ጉልበት መሳም። ከዚያ መናፈሻ፤ ከሌሎች ስምንት ሙሽሮች ጋር አንዷን ዛፍ ተሰልፎ መጠበቅ። እሱ ከኋላዋ ያቅፋታል፤ እሷ ቀና ትላለች፤ ሁለቱም ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሰማዩ ላይ ምን እንዳለ አያውቁም። ቀና በሉ ያልናቸው እኛ ነን፤ እኛም አናውቅም። የአምስት ዓመት አልበሞቻችንን ደርድረን ፊቶቹን ብንሸፍናቸው የየትኞቹ ጥንዶች እንደሆኑ ራሳቸው ጥንዶቹም የሚለዩት አይመስለንም።

በዚህ ሁሉ መሀል ከአፋችን የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ኬኩ ሲቆረስ፣ ቀለበቱ ሲጠለቅ፣ እናት ስታለቅስ እንላታለን። «አንዴ ይደገምልን!»

ይደገማል። ሰው ለካሜራ ያለው ትዕግሥት የሚገርም ነው። አልቅሳ የጨረሰች እናት ድገሚው ስትባል ነጠላዋን እንደገና ዓይኗ ላይ ታደርጋለች።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ከዕለታት ባንዱ የጥር እሁድ፣ አንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነን። የሙሽሪት አባት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በጆሮዋ የሆነ ነገር አሏት። ፍላሹ አልበራም። ተኩሉ ካሜራ ደግሞ መጋረጃውን እያጠራ ነበር። «ጋሼ ይቅርታ፣ አንዴ ይደገምልን፤ ወደዚህ ይዩልን» አልናቸው። ተደገመ። በሁለተኛው ጎንበስ አላሉም። ቀና ብለው ሌንሱን አዩ። በጣም ጥርት ያለ ፎቶ ወጣው። አልበሙ ላይ ሙሉ ገጽ ሰጠነው።

ከሰባት ወር በኋላ ያቺ ሙሽራ ጥቁር ለብሳ መጣች። አባቷ አርፈዋል። ለአርባቸው የሚሆን ፎቶ ፈልጋ ነው። ላፕቶፑን ከፈትንላትና የሠርጓን ፎቶዎች በሙሉ አንድ በአንድ አሳለፍንላት። ከዚያች ከባለ ሙሉ ገጿ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይኼ ሁለተኛው ነው» አለች። «የመጀመሪያው የለም? እጁን ራሴ ላይ ያደረገበት?»

የለም አልናት። አልተቆጣችም። ሁለተኛውን በትልቁ አሳተመች፤ ሒሳቧን ከፈለች፤ ሄደች። ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሞተብን። ሠርግ አላቆምንም (የካሜራ ዕቁብ አለብን)፤ ግን በየሠርጉ እጃችን ብቻ ነበር የሚሠራው። «ይደገምልን» የምትለዋ ቃል አፋችን ላይ ስትደርስ ጎሮሯችን ላይ አጥንት ትሆናለች። ሳንላት ደግሞ ሥራ አይወጣም።

የጂንካው ጥሪ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከመካከላችን የአንዱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ጂንካ ይኖራል። በከተማዋና በአካባቢዋ ፎቶ ቤት ላላቸው ወጣቶች የሠርግ ፎቶ ወርክሾፕ እያሰናዳ ነበርና «ከአዲስ አበባ ልምድ ያለው ሰው» ፈለገ። አበል የለም፤ ማደሪያና ምግብ አለ። አበል የሌለው ወርክሾፕ እንዳለ የሰማነው ያን ጊዜ ነው፤ ሄድን። አሰልጣኝ ሆነን ማለት ነው፤ ይኼ እንዳይረሳ።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ዓላማ በሻንጣችን ይዘናል። በዚያው ሰሞን ሊጋቡ የተዘጋጁ ጥንዶች አንድ ሐሳብ ይዘው መጥተውልን ነበር። ከሠርጉ በፊት ለሚታተም አልበም «የኦሞ ሠርግ» ይፈልጋሉ፤ እሷ እንደ ሐመር ልጃገረድ ለብሳ፣ እሱ ፊቱን ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ከኋላቸው የአካባቢው ሰዎች ተደርድረው። ቀብድ ሰጥተውናል። እኛም ቦታ እንመርጣለን፣ «ከጀርባ የሚቆሙ ሰዎች» ዋጋ እናጣራለን ብለናል። ይህን ዛሬ ስንጽፈው ያፍረናል፤ ያኔ ግን ጎበዝ ሐሳብ ነበር የመሰለን።

ከአዲስ አበባ ጂንካ በመንገድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን አለ፤ ኪስ የለም። አርባ ምንጭ አድረን፣ በኮንሶ እርከኖች በኩል ወርደን፣ ወይጦን ተሻግረን፣ ቀይ አፈርን አልፈን ገባን። ጂንካ ከቆላው ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ አረንጓዴና ነፋሻ ከተማ ናት፤ ደቡብ ኦሞ ሲባል አቧራና ሙቀት ብቻ የሚታየው ሰው (እኛ) ሹራብ አለመያዙን እዚያ ሲደርስ ያስታውሳል። ለረጅም ዓመታት የአውሮፕላን ማረፊያዋ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ይለቀቅለታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆናለችና ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ቢሮ ኪራይ ያወራል።

የመጀመሪያውን ቀን ሥልጠና በአጭሩ እንለፈው። አሥራ አንድ ሰልጣኞች ነበሩ። እኛ ፕሮጀክተር ላይ ስለ ጀርባ ብርሃን፣ ስለ ሰባት ዓይነት የሙሽራ አቋቋም ተናገርን። ከዚያ ጥያቄ አለ? ስንል የመጣው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ መብራት ሲጠፋ ፕሪንተሩን እንዴት እናድርገው? አሳትሞ ሳይወስደው የቀረ ደንበኛ ፎቶ ስንት ጊዜ ይቀመጥ? ላሚኔት ውስጥ ገብቶ የሚቀረው አየር በምን ይወጣል? አንዱንም አናውቅም። ሰልጣኞቹ እርስ በርሳቸው ተመላለሱ፤ እኛ ማስታወሻ ያዝን።

ማታ ጓደኛችን አንድ ፊልም አሳየን። ርዕሱ «ቱ ገርልስ ጎ ሀንቲንግ» ይባላል፤ ጂን ላይዳልና ጆአና ሄድ ለቢቢሲ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው። ላይዳል ከባለቤቷ ከኢቮ ሽትሬከር ጋር ከ1970 ጀምሮ ሐመሮች ዘንድ የኖረች አንትሮፖሎጂስት ናት። (ከጂንካ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ከነዚህ ሰዎች ሥራ ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል፤ ጂንካ የሚሄድ ሰው ቡናውን ጠጥቶ እዚያ ቢወጣ አይጎዳም።) ፊልሙ ዱካና ጋርዲ የሚባሉ ሁለት የሐመር ልጃገረዶች ሊዳሩ ሲሉ ያለውን ሰሞን ይከተላል። ባሎቻቸውን የመረጡት ወላጆች ናቸው።

እኛ የሠርግ ሰዎች ነንና ዓይናችን የለመደውን ፍለጋ ጀመረ። «ትልቁ ትዕይንት» የታለ? ስለ ሐመር የምናውቀው ከብት ዝላዩን ነበር፤ እሱ ግን ሠርግ አይደለም። ወንዱ ለማግባት የሚበቃበት ሥርዓት ነው፤ ሳይዘል አያገባም፤ ዘለለ ማለት ግን በዚያው ቀን አገባ ማለት አይደለም። ፖስት ካርዱ ሁሉ ዝላዩ ላይ የሚያልቀውን ያህል ፊልሙ ከሱ ርቆ ሴቶቹ መሀል ይቀመጣል። ያወራሉ። እናት ልጇን ትመክራለች፤ ልጅቷ ትፈራለች፤ ጓደኞቿ ይስቃሉ። ማንም ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አያይም። ማንም «ወደዚህ ይዩልን» አላለም፤ ቢልም ሰሚ የሚያገኝ አይመስልም፤ ጉዳይ አላቸዋ!

ከዚያ ጓደኛችን አንድ ነገር ጨመረልን። ላይዳል ከዓመታት በኋላ ወደዚያችው ወደ ዱካ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2001 «ዱካስ ዲለማ» የሚል ሌላ ፊልም ወጣ፤ ካሜራውን የያዘችው የገዛ ልጇ ካይራ ናት። በሁለተኛው ፊልም ዱካ ሙሽራ አይደለችም። የልጆች እናት ናት፤ ባሏ ሁለተኛ ሚስት አምጥቶባታል።

መብራቱ ጠፋና ጄኔሬተር እስኪነሳ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። ከሰልጣኞቹ አንዱ በጨለማው ውስጥ ሳቅ እያለ «እናንተስ ያነሳችኋቸውን ሙሽሮች ተመልሳችሁ ታያላችሁ?» አለን። ተመልሳ ያየችን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ጥቁር ለብሳ። አልነገርነውም።

ሐሙስ ለልምምድ ወደ ቀይ አፈር ሄድን። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው፤ በና፣ ሐመር፣ አሪ፣ ሌላውም ይወርዳል። ርዕሳችን «የተፈጥሮ አቋቋም» ነበር (ስላይዱ ላይ እንዲያ ይላል)። ካሜራችንን ገና ከቦርሳ ስናወጣ አንዲት ልጅ ፊታችን ቆመች። አንድ እግሯን ወደፊት አደረገች። አገጯን ትንሽ ወደ ላይ። ዓይኗን ሌንሱ ላይ። «ፎቶ?» አለችን። ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው «ሙሽራችን!» አለ። እውነቱን ነው። መናፈሻው ዛፍ ሥር የምናቆማት ሙሽራ ናት፤ ምንም ልዩነት የላትም። የት ማየት እንዳለባት ታውቃለች፤ እኛ የምንፈልገውን ከእኛ በፊት ታውቃለች።

ይህ እንዴት እንደመጣ የታወቀ ነው። በደቡብ ኦሞ ቱሪስት ለእያንዳንዱ ጠቅታ ይከፍላል፤ በአንድ ወቅት ሁለት ብር፣ ኋላ አምስት ብር እያለ የመጣ ገበያ ነው። ካሜራው ስንት ጊዜ «ጠቅ» እንዳለ ተነሺው ይቆጥራል፤ አንሺው ይክዳል፤ ጭቅጭቅ ይነሳል። ሙርሲዎችን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ሙርሲዎች ቱሪስቶችን «ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች» እያሉ እንደሚጠሯቸው በርዕሱ ላይ አስፍሮታል። ስም አይደለም፣ አገር አይደለም፣ ሃይማኖት አይደለም፤ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች። መጥተው፣ አንስተው፣ የሚሄዱ። ጽሑፉ በስልካችን ነበረን፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጮክ ብለን ካነበብነው በኋላ ሦስታችንም ወደ መስኮት ዞርን።

ግን የቀይ አፈሩ ሐሙስ እዚያ አላበቃም። ከሰልጣኞቻችን አንዱ፣ ወደ ሠላሳ አምስት የሚሆነው ዝምተኛ ሰው (በሁለት ቀን ሥልጠና አንዴም እጁን ያላወጣ)፣ ገበያው ዳር ሸራ ወጥሮ ፎቶ የሚያነሳበት ቦታ ነበረው። ሄደን ከኋላው ቆምን። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ከሰዓታት በፊት ለፈረንጆች ሲቆሙ ያየናቸው። እዚያ ሲነሱ ይከፈላቸዋል፤ እዚህ ሲነሱ ይከፍላሉ። አቋቋማቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት የበና ጎረምሶች ጣት ለጣት ተያይዘው ቆሙ። አንዱ ትከሻው ላይ የነበረውን ጨርቅ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ጓደኛውን ጠየቀ፣ እንደገና አወለቀ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣችና ፊቱን በምራቋ ጠረገችው። ባለ ፎቶ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረም። ይጠብቃል። ሲጨርሱ ያነሳል። አንድ ጊዜ።

«ባይወጣስ?» አልነው።

«ይወጣል። ሲዘጋጁ እያየኋቸው አይደል?» አለ።

ላሚኔት ያደርግላቸዋል፤ አቧራና ላብ እንዳያበላሸው። የሚቀጥለው ሐሙስ መጥተው ይወስዳሉ። ያልወሰዱትንም ስም እየጻፈ በካርቶን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ቀን «ስንት ጊዜ ይቀመጥ?» ብሎ የጠየቀው፣ ለካ እሱ ነበር፤ ከጎኑ ባለው ልጅ በኩል አስጠይቆ።

በማግስቱ ጠዋት ለጥንዶቹ ደወልንላቸውና የኦሞውን አልበም አንችልም አልናቸው። በምትኩ ያደጉበትን ሰፈር፣ የተዋወቁበትን የታክሲ ተራ ልናነሳቸው እንደምንችል ተናገርን። እሷ «ታክሲ ተራ?» አለች። ዝም ተባባልን። ቀብዱን መለስን። ሌላ ሰው እንዳነሳቸው ኋላ ሰምተናል፤ አልበሙ ያምራል ይላሉ።

የወርክሾፑ የመጨረሻ ቀን እሁድ፣ እዚያው ጂንካ ውስጥ እውነተኛ ሠርግ ላይ ነበር። የሙሽሪት ቤተሰቦች ለሰልጣኞች ፈቅደዋል። ዕቅዳችን ሦስታችን በምናውቀው መንገድ እያነሳን ማሳየት ነው፤ ለዚሁ ብለን 70-200 ሌንስ ከአዲስ አበባ ተከራይተን አምጥተናል። ያ ዝምተኛ ባለ ፎቶ ቤት የያዘው ከካሜራው ጋር አብሮት የመጣውን 18-55 ብቻ ነው። ለዚህ ሌንስ ያለን ንቀት ቀላል አልነበረም።

ጠዋት ስንደርስ እሱ ቀድሞን ደርሷል። የለም፣ ቀድሞን አልደረሰም፤ ትናንትም እዚያው ነበር። ቅዳሜ ዳስ ሲጣል ምሰሶ ይዟል፤ ሽንኩርት ከትፏል፤ ማታ ከአጎቶች ጋር ቦርዴ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። የሙሽሪት እናት በስሙ እየጠራችው «ና እስቲ ይቺን ድስት አውርድልኝ» ትለዋለች፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ያወርድላታል። እኛን ደግሞ «እንግዶች» ብለው ወንበር ሰጡን። ፎቶ አንሺ ሠርግ ቤት ወንበር ሲሰጠው አንድ ነገር እንደተበላሸ መጠርጠር አለበት፤ አልጠረጠርንም።

ጉልበት መሳሚያው ሰዓት ደረሰ። እኛ ልምድ ያለን ሰዎች እንደመሆናችን ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሚታይበት ቦታ ላይ ተሰለፍን። ሰልጣኞቹም ከኋላችን። እሱ ብቻ ተነጥሎ በአባትየው በግራ በኩል፣ ከሶፋው ክንድ አጠገብ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። በዚያ በኩል ብርሃን የለም፤ መስኮቱ በስተቀኝ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ኧረ ወደዚህ!» ብሎ በእጁ ጠራው። ራሱን ነቀነቀና እዚያው ቀረ።

ልጅቷ መጣች። ተንበረከከች። የአባቷን ጉልበት ሳመች። አባትየው ወደ ግራ ጎንበስ አሉ። እሷም ወደ ግራ ተጠጋች፣ አፏን ወደ ግራ ጆሯቸው አድርጋ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እሳቸው ሳቁ። እኛ ካለንበት የታየው የልጅቷ ጀርባና የአባትየው መላጣ ነው። ያ 70-200 መላጣውን ከነላቡ ጥርት አድርጎ አወጣው።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ አፋችንን ከፈትን። ቃሏ መጣች። ጎሮሯችን ላይ ቆመች። ሳንላት ቀረን፤ ጨዋነት ይሁን ድንጋጤ ዛሬም አልለየንም።

በኋላ ዳሱ ውስጥ፣ ጥሬ ሥጋው ዞሮ ሰው ሁሉ ሲረጋጋ፣ ባለ ፎቶ ቤቱን አጠገባችን አስቀመጥነው። በካሜራው ጀርባ ያለችውን ትንሽ መስኮት አሳየን። ጨለም ያለ ፎቶ ነው። ትንሽ ጫጭቷል። የልጅቷ ግማሽ ፊት አለ፤ የአባትየው ሙሉ ፊት አለ፤ እየሳቁ፤ እጃቸው በእሷ ትከሻ ላይ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት አንድ እጅ አያስገባም።

«በዚያ በኩል እንደሚዞሩ በምን አወቅህ?» አልነው።

«ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም» አለ። «ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ጠርቻቸው ዝም አሉኝ፤ በግራ ዞሬ ነው ያወራኋቸው። ልጃቸው ደግሞ ከልጅነቷ ታውቃለች።»

ቀኝ ጆሮ! አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ብርሃን አቅጣጫ ስንከራከር አንድም ቀን የአባትየው የትኛው ጆሮ እንደሚሰማ የጠየቀ ከመካከላችን የለም። ሌንሱንም እንደ ቂል ጠየቅነው፤ ለምን ረጅም አልገዛህም አልነው። ገንዘብ የለኝም ነው መልሱ፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሌንሱ አጭር ስለሆነ መቅረብ አለበት። ለመቅረብ ደግሞ ሰዎቹ ሊያውቁት ይገባል። ለመታወቅ ቅዳሜ ዳስ መጣል አለበት። እሱ እንደ ችግር ነው የነገረን፤ ብር ሲያገኝ እንደኛ ዓይነት ሌንስ ለመግዛት አስቧል። የእኛን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «ከበር ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያላ!» አለ በቅናት። እኛ ደግሞ የእሱን ድስት የማውረድ መብት ስንመኝ፤ ሁለታችንም ለሌላው የሌለውን ነገር ስንጎመጅ ሥጋው በረደ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የአልበሞቻችንን ስም ዝርዝር በወረቀት አወጣን። ሰባ ሦስት ሠርግ። ከሰባ ሦስቱ ከሠርጉ በኋላ ቤታቸው የሄድንባቸው፦ ዜሮ። ሐሳቡ የመጣው ኮንሶ ላይ፣ ጎማ ሲቀየር ነው፤ ማን እንዳመጣው አሁን ሦስታችንም «እኔ ነኝ» ስለምንል ለታሪክ እንተወው። ላይዳል ወደ ዱካ እንደተመለሰችው እኛም እንመለሳለን። ያነሳናቸውን ሙሽሮች እየፈለግን፣ ቬሎ ሳይኖር፣ ዛፍ ሳይኖር፣ አሁን ባሉበት ልናነሳቸው። ለዚህ የሚከፍል የለም። የተፋቱም ይኖራሉ፤ ውጭ አገር የሄዱም አሉ፤ ስልኩን የሚዘጋብንም አይጠፋም። በመጀመሪያው ወር ከደወልንላቸው ግማሾቹ የቀረ ሒሳብ ልንጠይቅ የደወልን መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያዋ ማን እንደምትሆን ግን አልተከራከርንበትም። ስልኳን ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብን። ስናስረዳት ዝም ብላ ሰማችንና «ቅዳሜ ቡና አለ፤ ኑ» አለች።

እሁድ ሳይሆን ቅዳሜ ሄድን። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነው። ያ ጠባብ ሳሎን፣ ያው ሶፋ። አሁን ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ባሏ ክፍለ ሀገር ይሠራል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እግራችን ሥር ይድሃል። አንዳችን ቡና ወቀጥን፤ አንዳችን የተቃጠለ አምፖል ቀየርን፤ አንዳችን ልጁን ይዘን ልብሳችን ተበላሸ። አቦሉ ተጠጣ።

ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው። በትልቁ፣ በወርቃማ ፍሬም። አንገታችንን ደፍተን እንዳናየው ስንጣጣር እሷ አየችንና ሳቀች።

«አባዬ እዚህ ላይ ለምን እንዲህ እንዳፈጠጠ ታውቃላችሁ?» አለች። «ተቆጥቶባችሁ ነው እኮ! ድገሙ ስትሉት። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ሲያጉተመትም ነበር፤ ይኼ ደግሞ ሞት ነው እንዴ የማይደገመው ይበል እያለ።»

እናትየው ከጓዳ «ኧረ እንዲያ አላለም!» ብለው ጮኹ። «ምን ነበር ያለው እትዬ?» አልናቸው። ረከቦቱ ጋ መጥተው ተቀመጡና የራሳቸውን ጀመሩ፤ ልጅቷ አቋረጠቻቸው፤ እሳቸውም መልሰው አቋረጧት፤ ሁለተኛው ጀበና ተጣደ። ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ።